በጋሽ ተክሌ ፈንታ የጠረግነው ቅጠል

ባለፈው እሑድ ሳን ሆዜ ልጄ ቤት ምሳ በልተን ሳንጨርስ፣ በዚህ ሽበቴ አጭበርባሪ ተባልኩ። ያለኝ ደግሞ የሩቅ ሰው አይደለም፤ የልጄ ባል ዳዊት ነው። ዳዊት ጨዋ ልጅ ነው። ሳንታ ክላራ ከኮምፒውተር ጋር ሲፋጠጥ ውሎ ይመጣል፣ ሳህን ያጥባል፣ እኔ ስገባ ብድግ ብሎ ይቀበለኛል። ሕግ የሚባል ነገር ሲነሳ ግን ፊቱ ይለወጣል። የተነሳው ደግሞ የእህቴ ልጅ የሕሊና ጉዳይ ነበር። ሕሊና በዲቪ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። የነርስ ረዳትነት ትምህርት ጀምራለች፤ ሥራ አላገኘችም፤ ከመንግሥት ለምግብ የምትሰጣት ትንሽ እርዳታ አለች። አሁን ታዲያ «እርዳታው እንዲቀጥል ከፈለግሽ በወር ይህን ያህል ሰዓት ወይ ሥሪ፣ ወይ በነፃ አገልግዪ» ተባለች። የተመደበችው አንድ የምግብ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ልትደረድር ነው፤ ሰዓቱ ከትምህርቷ ጋር ይጋጫል። እኔም ብዙ ሳላስብበት፣ «ታዲያ ምን ችግር አለው? እኔ እሄድልሻለሁ። ጉልበቴን ነው እንጂ የሚያመኝ እጄ ደህና ነው» አልኩ። ዳዊት ሹካውን አስቀመጠ።

«ማዘር፣ ሶሪ፣ ያ እኮ ፍሮድ ነው» አለኝ።

«ምኑ?»

«በሌላ ሰው ስም ሠርቶ ሪፖርት ማድረግ። ደግሞ ኦነስትሊ፣ ሩሉ ራሱ ፌር ነው። ሰው ከታክስ ገንዘብ ከወሰደ ትንሽ ጊቭ ባክ ቢያደርግ ምናለበት?»

«እኔ እኮ ጊቭ ባክ አላደርግም አላልኩም» አለች ሕሊና፣ እንባዋ ሊመጣ ደርሶ። «ክላስ ደጋግሜ ሚስ ካደረግኩ ከፕሮግራሙ ያስወጡኛል። ሥራ እንዳገኝ ነው ወይስ እንዳላገኝ የሚፈልጉት?»

እኔ ዝም አልኩ። የኔ ዝም ማለት እዚያ ቤት የሕመም ምልክት ስለሆነ ልጄ ደንግጣ «እማዬ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ደህና ነበርኩ። ይህንኑ ክርክር ያኔ በወጣትነቴ፣ ከዳዊት የባሰ ሕግ አዋቂ ፊት ቆሜ፣ ያውም በሁለት ቋንቋ የተከራከርኩት መሆኑ ትዝ ብሎኝ ነው። አመሻሹ ላይ ልጄ ወደ ኦክላንድ ስትመልሰኝ ከተማው መሃል ባለው ሐይቅ ዳር አለፍን። መስኮቱን ከፈትኩት። ዝናብ ጥሎ ስለነበር የረጠበ ቅጠልና የዝይ ኩስ ሽታ አንድ ላይ ግጥም ብሎ ገባ። ልጄ «ኢዉ፣ እማዬ፣ ክሎዝ ኢት!» ብላ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ እስከ ሆዴ ድረስ ሳብኩት። ለሷ የዝይ ኩስ ነው፤ ለኔ የወጣትነቴ ሽቶ ነው።

ያን ጊዜ ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ዶላር ብዙም አይርቅም ነበር፤ ግን መኪና ያለው ማን ነው? አውቶቡስ በሳንቲም ተሳፍረን፣ ሹፌሩ የሚቀድልንን የመሸጋገሪያ ወረቀት እንደ ክታብ ጨብጠን ነበር የምንዞረው። ሴቱ ሁሉ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የተጠቀጠቀበት ኮት ይለብሳል። እኔም አንድ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነበረኝ፤ እሱን የለበስኩ ቀን በር ላይ ወደ ጎን ካልዞርኩ የማልገባ ይመስለኝ ነበር። ከአገር ቤት የመጣ አንድ ካሴት ከቤት ቤት እየተገለበጠ፣ ከኦክላንድ ተነስቶ ሳን ሆዜ ሲደርስ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል፤ እንደዚያም ሆኖ እናለቅስበት ነበር። ቴሌግራፍ ጎዳና ማዕዘኑ ላይ ካምቦዲያውያን ባልና ሚስት ዶናት ይሸጡ ነበር። አንድ ዶናትና አንድ ቡና ተገዝቶ ከዶላር ላይ መልስ አለው። ሴትዮዋ ጠባያችንን ስላወቀች ሳትጠይቀን ስኳሩን ትቆልልልናለች። ዛሬ እዚያው ማዕዘን ላይ ቡና የሚሸጠው ጎረምሳ ስኳር አለ ወይ ብለው ቢጠይቁት ያዝንልዎታል።

እኔ በዚያ ዘመን አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ድንች ስልጥ ቆይቼ መጦሪያው ተዘጋ። የሥራ አጥ ክፍያዬም አለቀ። የቀረው የካውንቲው፣ ማለትም የአውራጃው መስተዳድር፣ እርዳታ ነበር። ካውንቲው አይከለክልም፤ ነገር ግን በምላሹ በሳምንት ጥቂት ቀን ሐይቁ ዳር ቅጠል መጥረግ ግድ ነው። ደሞዝ አይደለም፤ ደሞዝ ቢሆንማ ደሞዝ ይባል ነበር። ብንታመም የሕመም ፈቃድ የለንም፣ ሠራተኞች ስላልሆንን። ብንቀር ቅጣት አለብን፣ ሥራ ስለሆነ። ይህን የተረዳ ሰው ካለ ለኔም ያስረዳኝ እያልኩ እስከ ዛሬ አለሁ።

ሥራው አይከብድም፤ የሚከብደው ብርቱካናማው ሰደርያ ነበር። ከሩቅ ይጮኻል። አንድ ሐበሻ በዚያ መንገድ ቢያልፍና ቢያየኝ፣ ወሬው ከኔ ቀድሞ ደብረ ብርሃን እናቴ ጆሮ ይገባል ብዬ ስለፈራሁ የመጀመሪያውን ቀን በሻሽና በጥቁር መነፅር ተሸፍኜ ሄድኩ። ከፊት ለፊቴ አንድ ሰው ባርኔጣውን አፍንጫው ድረስ ደፍቶ፣ እኔ በዞርኩበት በኩል ጀርባውን እየሰጠ ይጠርጋል። ሐበሻ መሆኑን ያወቅኩት ከኔ ሲደበቅ ነው። ግማሽ ቀን ሙሉ ስንሸሻሽ ውለን በመጨረሻ አንድ ዛፍ ሥር ጀርባ ለጀርባ ተጋጨን። «እህቴ፣ እኔም አላየሁሽ፣ አንቺም አላየሽኝ» አለኝ። ኢብራሂም ነበር፤ የከረን ልጅ፣ አማርኛውን መርካቶ የተማረ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚያስቅ ሰው።

የሚያሠራን ሚስተር ኦቲስ የሚባል የኦክላንድ ተወላጅ ጥቁር ሰውዬ ነበር። ረጅም፣ ስንጥር ከአፉ የማይጠፋ፣ በጭነት መኪናው ሬዲዮ የድሮ የፍቅር ዘፈን እያስጮኸ የሚውል። መጥረጊያና ጆንያ ያድለናል፤ የጠረግነውን ቅጠል በትልልቅ ጥቁር ላስቲክ ሞልተን መኪናው ላይ እንጭናለን። አንድ ቀን ጋራዡ ጥግ ቅጠል በንፋስ የሚገፋ ማሽን አይቼ «ይኼ አይሠራም እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ይሠራል እንጂ! እሱን ካስነሳሁማ እስከ ረፋድ ያልቅና እናንተ ምን ትሠራላችሁ?» አለኝ። የቀልዱን ያህል እውነቱን ነበር።

ጋሽ ተክሌን ያወቅኩት እዚያ ነው። እሳቸው ባርኔጣም መነፅርም አላደረጉም። ብርቱካናማው ሰደርያ ሥር የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝና ከረባት አድርገው ነበር የሚጠርጉት። የአሥመራ ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባ ለረጅም ዘመን የጎማ መደብር ሲያስተዳድሩ ኖረው፣ ኦክላንድ ደርሰው ደግሞ መኪና ሲያቆሙ፣ ሕንፃ ሲጠብቁ ቆይተው፣ ዕድሜያቸው ሲገፋ ሥራ የሚሰጣቸው ጠፋ። ጡረታ እንዳይወጡ ዓመቱ ይጎድላቸዋል። ከሁሉም በላይ ግን የታወቁት በአስታራቂነት ነው። ከኤል ሴሪቶ እስከ ሳን ሆዜ ባልና ሚስት ተጋጨ፣ ወንድማማች በንግድ ተካሰሰ፣ ዕድር ተከፈለ ሲባል የሚጠሩት ጋሽ ተክሌ ናቸው። ኦርቶዶክስ ቢሆኑም የእስላሙም ቤት ይጠራቸዋል። ከቴሌግራፍ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር፤ አልጋ፣ ወንበርና የከረባት መስቀያ። ከዚያ በፊት ሰው ቤት ሶፋ ላይ ኖረዋል። «ሶፋ ላይ የሚተኛ ሽማግሌ ማን ይሰማዋል?» ይሉኝ ነበር። «ያስጠለለህ ሰው ሲያጠፋ ዓይኑን አይተህ አጥፍተሃል ማለት አትችልም። ዘኒ፣ ይህቺ ክፍል ከሄደች እኔም ሄድኩ።» የክፍሏ ኪራይ የሚወጣው ከካውንቲው እርዳታ ነበር።

አንድ የመኸር ሰሞን ኮንኮርድ ትንሽ ላውንደሪ የነበራቸው ባልና ሚስት፣ ፍስሐና ሮማን፣ ተጣሉ። የተጣሉበት ምክንያት ዛሬ ለሕሊና ብነግራት አይገባትም። ፍስሐ ቦክስ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ልቡ ቅዳ ብሎት፣ ባዶ ካሴት መስሎት የገዛ ሠርጋቸው ቪዲዮ ላይ ቀዳበት። ሮማን ላውንደሪውን ቆልፋ፣ ቁልፉን ይዛ፣ የሰው ልብስ ውስጥ እንዳለ ጓደኛዋ ቤት ገባች። ጋሽ ተክሌ ተጠሩ። በባቡር ኮንኮርድ እየተመላለሱ፣ ጠዋት እሱን፣ ከሰዓት እሷን፣ አንዳንድ ቀን ልብሱ የተቆለፈበትን ደንበኛ ሁሉ ሲለምኑ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ታዲያ የሐይቁ ዳር ቅጠል ምን ይሁን?

«ወንፈል ነዋ!» አለ ኢብራሂም። ማንም አልተከራከረም። እኛ አገር ሰው የአገር ጉዳይ ይዞት ሲሄድ እርሻው ጾም ያድራል እንዴ? ጎረቤት ያርስለታል፤ እሱም በተራው ያርሳል። አንድ ቀን ኢብራሂም፣ አንድ ቀን እኔ፣ የጋሽ ተክሌን ድርሻ ከራሳችን ጨምረን ጠረግን። አልደበቅንም። ሚስተር ኦቲስ ስም ሲጠራ «ኮንኮርድ ናቸው፤ ሥራቸው ግን እዚህ አለ» እንለዋለን። እሱም ስንጥሩን ከወዲያ ወዲህ እያዞረ «መሬቱ ንጹሕ ከሆነ እኔ ሌላ ነገር አላየሁም» ይላል። እንዲያውም በሁለት ሰው ጉልበት የሦስት ሰው ሥራ ለመጨረስ ስንሽቀዳደም፣ ኢብራሂም እያዜመ እኔ እየተቀበልኩ፣ ያ የሐይቅ ዳር በታሪኩ እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። ዝይዎቹ ራሳቸው የት እናርፍ ብለው ተቸገሩ።

አንድ ጠዋት ከቢሮ ተቆጣጣሪ መጣች። ቁመቷ አጠር ያለ፣ ጫማዋ የሚያብረቀርቅ ሴትዮ። ወረቀቷ ላይ የያንዳንዳችን ፎቶግራፍ አለ። «ሚስተር ተክሌ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ኢብራሂም፣ ጎፈሬው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው ኢብራሂም፣ እጁን ቀና አድርጎ በኩራት «ዛሬ ተክሌ እኔ ነኝ» አላት። ሴትዮዋ ፎቶው ላይ ያለውን ራሰ በራ ሽማግሌ አየች፤ ኢብራሂምን አየች፤ እንደገና ፎቶውን አየች። ኢብራሂም ያልገባት መስሎት «ትናንት እሷ ነበረች» ብሎ እኔን አሳያት።

የጋሽ ተክሌ እርዳታ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንዲቋረጥ ተወሰነ። ይግባኝ አልንና የሚሰማበት ቀን ተቆረጠ። እንግዲህ ለኛ ይህ ሽምግልና ነው፤ ወደ ሽምግልና ደግሞ እንደነገሩ አይኬድም። ኢብራሂም የሠርግ ሙሉ ልብሱን ለበሰ፣ እኔ ያንን ወይን ጠጅ ኮት ከነትከሻው፣ ታርቀው የነበሩት ፍስሐና ሮማን ለምስክርነት ከኮንኮርድ መጡ። ሮማን ባዶ እጅ አይኬድም ብላ ድፎ ዳቦ ጋግራ ነበር። በር ላይ ያለው ጥበቃ ዳቦውን በመፈተሻው ማሽን ሁለት ጊዜ አሳለፈው፤ ከዚያ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ከዚያ ቀመሰ።

ጉዳዩን የሚሰማው ሹም መነፅሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ድካም ያለበት ሰውዬ ነበር። አጠገቡ ያቺ ተቆጣጣሪ አለች። አስተርጓሚ እኔ ሆንኩ፤ ጋሽ ተክሌ እንግሊዝኛ ያውቃሉ፣ ነገር ግን ቁም ነገር በተውሶ ቋንቋ አይነገርም ይላሉ።

«ሚስተር ተክሌ፣ በነዚያ ሦስት ሳምንታት የት ነበሩ?» አለ ሹሙ።

ጋሽ ተክሌ ተነሱ፣ ኮታቸውን ቆለፉ። «አስቀድሞ በሰላም ያገናኘን አምላክ ይመስገን። ለርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ለአለቆችዎም ጤና ይስጥልን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና…» ብለው ጀመሩ። ሥሩ ሩቅ ነበር። ሲጨርሱ ሁሉም ወደኔ ዞረ።

«ኮንኮርድ ነበርኩ ይላሉ» አልኩ።

ሹሙ መነፅሩን ከፍ አደረገ። «ያ ሁሉ ይኼን ብቻ ነው?»

ጋሽ ተክሌ ቅር ብሏቸው «ዘኒ፣ አሳጠርሽው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው በዪው» አሉኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩ። ተቆጣጣሪዋ ወረቀቷን ማገላበጥ ጀመረች። «የምን ሎሚ? ከፓርኩ የተወሰደ ሎሚ አለ?» አለች። ሎሚውን ከመዝገብ ለማስወጣት ብዙ ለፋሁ።

«ኮንኮርድ ምን ያደርጉ ነበር?» ሹሙ ቀጠለ።

«ሥራ» አሉ ጋሽ ተክሌ። ተቆጣጣሪዋ ቀና አለች፤ እርዳታ እየበሉ መሥራት ሌላ ወንጀል ነው።

«ተከፍሎዎታል?»

«ኧረ እግዜር ያሳይዎ! ማስታረቅ በገንዘብ ይሆናል?»

«እንግዲያው፣ ካልተከፈለዎት ሥራ አይደለም።»

ጋሽ ተክሌ ትንሽ አሰቡ። «ዘኒ፣ እስቲ ጠይቂልኝ። ሐይቁ ዳር ይከፈለኛል?»

ጠየቅኩ። ሹሙ ወደ ተቆጣጣሪዋ አየ፤ እሷ ወደ ጠረጴዛው። «አይከፈልዎትም» አለ።

«እንግዲያው እሱም ሥራ አይደለም። ታዲያ ከምኑ ነው የቀረሁት?»

ይህን የተረጎምኩት ሳቅ እየታገለኝ ነው። ሹሙም አፉን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ልዩነቱን አስረዳ፤ ሐይቁ ዳር በካውንቲው የጸደቀ የሥራ ቦታ ነው፤ የኮንኮርድ ባልና ሚስት የጸደቁ አይደሉም። በዚህ ጊዜ ሮማን እጇን አውጥታ «እኔ ልመስክር» አለች። «እሳቸው ባይኖሩ ይኸኔ ተፋትተን፣ ላውንደሪው ተሽጦ፣ ሦስት ሠራተኛ ተበትኖ ነበር።»

«ለመሆኑ በምን ተጣላችሁ?» አለ ሹሙ። አይ፣ ባይጠይቅ!

«የሠርጌ ቪዲዮ ላይ ቦክስ ቀዳበት!»

«ሁሉም ላይ አይደለም!» ፍስሐ ብድግ አለ። «ኬኩ እስኪቆረስ ድረስ አለ እኮ!»

«የእማዬ ምርቃትስ? እማዬ ልትመርቀኝ አፏን ስትከፍት ሁለት ራቁታቸውን የሆኑ ወንዶች ይደባደባሉ! ዳግመኛ ላላያት እናቴን!»

ሮማን አለቀሰች፣ ፍስሐ ጮኸ፣ ተቆጣጣሪዋ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች፣ ጥበቃው ዳቦውን እንደጎረሰ መጣ። ጋሽ ተክሌ ቀስ ብለው በመካከላቸው ቆሙ። አልጮኹም። ፍስሐን «ልጄ፣ አለ አትበል፤ የጠፋውን አውራ» አሉት። ሮማንን «እናትሽ የመረቀችሽ ካሴቱን ነው ወይስ አንቺን?» አሏት። ፍስሐ ጎንበስ አለ፤ ሮማን ሳታስጨርሰው ቀና አደረገችው።

«ምን ተፈጠረ?» አለኝ ሹሙ።

«ታረቁ።»

«አሁን? እዚህ?»

«አዎ። ሥራቸው ይኼ ነው።»

ሹሙ መነፅሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ያን ጊዜ እኔ ከአስተርጓሚነቴ ወጣሁ። «ጌታዬ፣ ቅጠሉ ተጠርጓል። አንድ ቅጠል ቀረ ያለ ሰው የለም። ካውንቲው የጎደለበት ምንድን ነው?» አልኩት። የመለሰችልኝ ተቆጣጣሪዋ ናት፤ ያውም በለሰለሰ ድምፅ። «የፕሮግራሙ ዓላማ ቅጠሉ አይደለም» አለች። «ዓላማው እሳቸው ናቸው። የሥራ ጠባይ እንዲለምዱ ነው።» ይህን ለጋሽ ተክሌ አልተረጎምኩም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሥራ ላይ ላረጁ ሰው «ሥራ እንዲለምዱ» በምን አማርኛ ይባላል?

ውሳኔው የመጣው በማግሥቱ ነው። ጋሽ ተክሌ የጎደለባቸውን ሰዓት በሙሉ በሚቀጥለው ሳምንት፣ በገዛ እጃቸው፣ ማንም ሳያግዛቸው ከጨረሱ እርዳታው ይቀጥላል፤ አለዚያ ይቋረጣል። ደስ አለን። ሰኞ ጠዋት በደስታ ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሚስተር ኦቲስ ራሱን እያከከ ቆሟል። «ምን ይጥረጉ?» አለን። «ጠርጋችሁ ጨርሳችሁታል።» ዛፎቹም ያላቸውን አራግፈው ራቁታቸውን ቀርተዋል። ሥራ ከሌለ ሰዓት አይያዝም፤ ሰዓት ካልተያዘ ክፍሏ ሄደች።

ኢብራሂም ዞር ዞር ብሎ ዓይኑ ጭነት መኪናው ላይ አረፈ። ጥቁሮቹ ላስቲኮች ገና ወደ መጣያው አልሄዱም፤ እላይ በላይ ተከምረዋል። ሚስተር ኦቲስ ኢብራሂምን አየው፤ ላስቲኮቹን አያቸው፤ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተና «ዶናት ልገዛ ነው። ሰልፉ ሳይረዝም አይቀርም» ብሎ ሄደ። ቅጠሉን መልሰን ዘረገፍነው። ከድልድዩ ጀምሮ እስከ ጀልባዎቹ ማቆሚያ ድረስ፣ ለጋሽ ተክሌ እንዲመች እኩል እኩል አድርገን በተንነው። ጋሽ ተክሌ ከረባታቸውን አጥብቀው መጥረጊያውን አነሱ። ማታ ወደ ላስቲኩ ይገባል፤ ጠዋት እንደገና እንዘረግፈዋለን። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። በሦስተኛው ቀን ቅጠሎቹን በመልክ ማወቅ ጀመርን። ኢብራሂም አንዱን የተቀደደ ትልቅ ቅጠል ስም አውጥቶለት ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርክ ይለው ነበር።

ስቀናል፤ አልዋሽም። ግን ሳቁ ረቡዕ ላይ አለቀብኝ። መርዳት ስለተከለከልን ቅጠሉን በትነን ስንጨርስ ሣሩ ላይ ተቀምጠን እሳቸውን እናያለን። እኔ የተወለድኩበት አገር አባት የሚሆን ሰው ጎንበስ ብሎ ሲጠርግ ወጣት ተቀምጦ አያይም። መሬቱ ያቃጥለዋል። ላብ ከራሰ በራቸው ላይ እየወረደ ነጩን ሸሚዝ ሲያረጥበው እጄን የማስቀምጥበት አጣሁ። ኢብራሂም አልቻለም፤ ተነስቶ መጥረጊያውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

«ተቀመጥ!» አሉት። «ሥራዬን ልትቀማኝ ነው? የሥራ ጠባይ እየለመድኩ ነው።» ለካ እንግሊዝኛውን ሰምተውት ነበር።

ዳዊት ያንን አላየም። ሰው የወሰደውን ቢመልስ እኔም እወዳለሁ፤ ስንፍናን አላወድስም፣ እናቴም አላስተማረችኝም። ያናደደኝ መጥረጉ አይደለም። የካውንቲው ሰዎች ሠርተን የጨረስነውን ሥራ አልተሠራም ማለታቸው፣ ጋሽ ተክሌ ኮንኮርድ የሠሩትን ደግሞ ሥራ አይደለም ማለታቸው ነው። ያኔም ተናደድኩ፤ ይህን ስጽፍም ንዴቱ አልበረደልኝም።

ዓርብ ከሰዓት ተቆጣጣሪዋ መጣች። የሚያብረቀርቅ ጫማዋን እየተጠነቀቀች መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ተራመደችበት። አንድ ቅጠል አላገኘችም። ፊቷ በራ፤ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የምትለውን ታምንበታለች። «ሰው በገዛ እጁ ሲሠራው ስሜቱ ሌላ ነው» አለችኝ። «ንገሪያቸው፤ ዛሬ ይህ መንገድ የጸዳው በሳቸው ነው።»

ተረጎምኩላቸው። ጋሽ ተክሌ መጥረጊያውን ዛፍ ላይ አስደገፉ፤ መሐረባቸውን አውጥተው ራሳቸውን ጠረጉ፤ ከረባታቸውን አቀኑ።

«ንገሪያት ዘኒ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰኞም ንጹሕ ነበር። ያቆሸሽነው ላንቺ ብለን ነው በያት።»

ሴትዮዋ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ያቺ ክፍል፣ አልጋዋና የከረባት መስቀያዋ፣ ምላሴ ላይ ነበሩ።

«ምን አሉ?» አለችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ ይላሉ» አልኳት። ፈረመች።